ከቅዳሴ በፊት የበላሁት ዳቦ

ይህን የምጽፈው በሁለት ጉርሻ መካከል ነው። አንዷን አላምጬ እውጣለሁ፣ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ እጠብቃለሁ፣ መውረዷን ሳረጋግጥ ሌላዋን እቆርሳለሁ። በመካከል ያለው ጊዜ ረጅም ስለሆነ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዕር ልያዝ ብዬ ነው። ጽሑፌ እዚህም እዚያም ቢቆራረጥባችሁ ምክንያቱ ይኸው ነውና ታገሡኝ።

ቄስ ባይነሳኝ እባላለሁ። የተወለድኩት ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። የማገለግለውም እዚያው ባለች ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሴ ተምሬ፣ ዲያቆን ሆኜ፣ አግብቼ፣ ቀስሼ፣ ገብስና ባቄላ ከማረስ በቀር ሌላ ሥራ ሳላውቅ ነው የኖርኩት። ድምፄ ወፍራም ስለነበር የስሜን ነፋስ በሚያፏጭበት ወር እንኳ ቅዳሴዬ ከወንዝ ማዶ ይሰማል ይሉኝ ነበር። እውነቱን ከተናገርኩ ግን በአገሩ የምታወቀው ከድምፄ ይልቅ በሆዴ ነው። ሰርግ ላይም ተዝካር ላይም "ለቄስ ባይነሳኝ ለብቻው ሌማት ይቅረብለት" ይባል ነበር። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ የቀረበውንም አልመልስም።

የከዳኝም ያ ሆድ ነው። መጀመሪያ ቃር ነበር፤ ቀጥሎ እህል ደረቴ ላይ ቁጭ እያለ አልወርድ አለኝ፤ ኋላም ያስመልሰኝ ጀመር። ጠበሉንም ክኒኑንም ስሞክር ከርሜ ጎንደር ወረድኩ። አንዲት ወጣት ሐኪም ቀጭን መሣሪያ በአፌ አስገብታ ካየች በኋላ፣ ጨጓራዬ ላይ መጥፎ እጢ መኖሩንና ጨጓራው እንዳለ መውጣት እንዳለበት ነገረችኝ።

"እንዳለ ማለት?" አልኳት።

"ሙሉ በሙሉ። ጉሮሮዎን ከአንጀትዎ ጋር እንገጥመዋለን።"

"ታዲያ እህሉ የት ያርፋል?"

"ማረፊያ የለውም አባ። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እየሆነ ነው የሚያልፈው።"

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ስወጣ የነገረችኝን ምክር የሺ፣ ባለቤቴ፣ ከእኔ ይልቅ በቃሏ ያዘችው። በቀን ስድስትም ሰባትም ጊዜ፣ ከእፍኝ ያልበለጠ ምግብ። በደንብ ማላመጥ። ውኃ ከምግብ ጋር አለመጠጣት። በልቶ ወዲያው ጋደም አለማለት። ረጅም ሰዓት ባዶ ሆድ አለመዋል። ይህን የመጨረሻውን ስትነግረኝ ሐኪሟ ራሷ በአንገቷ ያሰረችውን ማተብ ነካ አድርጋ፣ "ጾሙን የንስሐ አባትዎ ይፍቱልዎ" አለችኝ። እስከ መቼ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ ወረቀቴን ጽፋ ሰጠችኝ።

አገር ቤት ስመለስ ለጥየቃ ያልመጣ ሰው የለም። የእኛ ሰው በሽተኛን ባዶ እጁን አይጠይቅም፤ ጠይቆም ሳያጎርስ አይሄድም። ያ የሚታወቀው ሆዴ የት እንደደረሰ ማን ይመን? ካባዬ ትከሻዬ ላይ ሲንሸራተት እያዩ የጥንቱን ጉርሻ ያህል ጠቅልለው፣ "በሞቴ፣ በሞቴ ይቺን ብቻ" ይሉኛል። በሞቴ የተባለ ሰው ምን ይላል? እቀበላለሁ። እነሱ ደስ ብሏቸው ሳይወጡ እኔ ከጓሮ ተደፍቼ እገኛለሁ። ላብ ያጠምቀኛል፣ ልቤ ይመታል። የሺ ግንባሬን ይዛ፣ "ለምን እንቢ አይሉም?" ትለኛለች። እኔ ደግሞ ለሰዎቹ እንዴት እንደማስረዳ አላውቅም ነበር።

ከሁሉ የባሰው ማቅለሽለሹ ነው። የበላሁት ቢወርድ እንኳ ማቅለሽለሹ አይወርድም። የወጥ ሽታ ይቀሰቅሰዋል፤ የጠላ ሽታ ይቀሰቅሰዋል። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ሳለ የዕጣኑ ጢስ መጣና አፌ በምራቅ ሞላ። ዕድሜዬን ሙሉ ያጠንሁት ዕጣን ነው። በዚያን ቀን ከበሽታዬ ሁሉ ይልቅ ይህ አሳዘነኝ።

የእኛ አገልግሎት ከሆድ ጋር ምን አገናኘው ለምትሉኝ ላስረዳ። ቅዳሴ ለመቀደስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል፤ አንድ ከጎደለ ቅዳሴ የለም። የሚቀድስ ሰው ከዋዜማው ጀምሮ አሥራ ስምንት ሰዓት እህልም ውኃም አይቀምስም። ከቀደሰ ደግሞ ሳይቆርብ አይወጣም። በቆረበበት ቀን ምራቁን እንኳ አይተፋም፤ እሾህ ወግቶት እንዳይደማ በባዶ እግሩ አይሄድም። ሥጋ ወደሙን ተቀብሎ ማስመለስ ማለት፣ እግዜር ያውጣችሁ፣ ለአንድ ቄስ ከሞት የከፋ ነው። ስለዚህ ከጎንደር እንደተመለስኩ የደብሩ አስተዳዳሪና የንስሐ አባቴ መምሬ አዱኛ ጠሩኝ። "ጾሙን ፈትቼልሃለሁ፤ ከመቀደስ ግን ቆይ። እስክትድን" አሉኝ። ሁለታችንም ጨጓራ መልሶ እንደማይበቅል እያወቅን "እስክትድን" በሚለው ተስማማን።

ከዚያ ወዲህ ተደብቄ መብላት ጀመርኩ። ጾሙ ቢፈታልኝም ቄስ ነኝ፤ ረቡዕና ዓርብ ገና ፀሐይ ሳይሞቅ አጥሚቴን ይዤ ከጎተራው ጀርባ እሄዳለሁ። መንገደኛ ሲያልፍ ኩባያውን ከጋቢዬ ሥር እሸሽጋለሁ። አገር ሁሉ ጾሞ እኔ ስውጥ ጉሮሮዬ ላይ የሚያንቀኝ እህሉ ይሁን ኃፍረቱ መለየት ያቅተኝ ነበር።

እናቴ፣ ወይዘሮ ትጓደድ፣ አጠገባችን ነበር የምትኖረው። የእሷ ቤት ከእኛ ቤት በአጥር ብቻ ነበር የሚለየው። ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች ቀብራለች፤ ስሜን ያወጣችውም እሷ ናት። ከቀሰስኩበት ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ እንደ ማንኛውም ምእመን "አባ" ትለኛለች፣ መስቀሌን ትሳለማለች፣ ለእንግዳ ስትናገርም "እሳቸው" ነው የምትለኝ። ሐኪሞቹ ምን እንዳወጡልኝ እኛ አልነገርናትም፤ "ጨጓራውን ታክሞ ነው" ብቻ አልናት። እሷም አልጠየቀችም። ልብ ያልኩት ነገር ቢኖር፣ ጠያቂው ሁሉ በሞቴ ሲለኝ እሷ አንድ ቀን እንኳ ብላ ብላኝ አለማወቋን ነው። ሌማት ሲቀርብ ከጥግ ተቀምጣ ፊቴን ብቻ ታያለች።

በዚያ ክረምት መውጫ እናቴ ወደቀች። እግሯ አበጠ፣ ትንፋሿ አጠረ፣ ተንጋላ መተኛት አቃታት። በአልጋ ተሸክመን እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያም በመኪና ደባርቅ ሐኪም ቤት ወሰድናት። ልቧ እንደደከመ ነግረውን መድኃኒት ሰጥተው መለሱን። ስንመለስ መንገድ ላይ ነፍሷ ልትወጣ ምንም አልቀራትም ነበር። ቤቷ ገብታ አልጋዋ ላይ ስትደገፍ ያለችው ይህ ነው፤ "ከእንግዲህ ከማርያም ደጅ ወዲያ አታንቀሳቅሱኝ። ሥጋ ወደሙን ተቀብዬ ልሂድ። ሌላ የምጠይቃችሁ የለኝም።"

ቀላል ልመና ነው አይደል? በዚያ ወር ግን ከዚህ የከበደ አልነበረም። በእኔ ቦታ ይቀድስ የነበረው ቄስ አባቱ ታሞበት ወደ አገሩ አምባራስ ከሄደ ሰንብቷል። ዲያቆናቱ ሞልተዋል፤ ቄስ ግን መምሬ አዱኛ ብቻ ናቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ለሳምንታት ኪዳን ብቻ እየደረሰ ሕዝቡ ይሰናበት ነበር። የአጎራባች ደብሮች ቄሶች ለራሳቸውም አልበቁ። ከደባርቅ ወዲያ ድብ ባሕር የሚያገለግል ቄስ የአክስቴ ልጅ አለ፤ ስደውልለት፣ "እሜቴን ሳላቆርብማ አልቀርም፣ መንገዱ ይከፈት ብቻ" አለኝ። መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ለምን እንደተዘጋና መቼ እንደሚከፈት በእኛ አገር መጠየቅ ከተተወ ቆይቷል።

እናቴ በየቀኑ እያነሰች ሄደች። እኔ ደግሞ በየቀኑ አንድ ሐሳብ ያንገላታኝ ጀመር። ሁለት ቄስ ነው የሚፈለገው። አንዱ መምሬ ናቸው። ሁለተኛው እዚሁ አለሁ፣ ከአልጋዋ ሥር ተቀምጫለሁ።

መምሬን ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ጠየቁኝ።

"ባዶ ሆድህን ትቆማለህ?"

"እቆማለሁ።"

"ቅዳሴ ከተጀመረ እንደማይቋረጥ ታውቃለህ። ብትወድቅ የሚተካህ የለም።"

"አውቃለሁ አባቴ።"

"መቆሙስ ይሁን። ከቆረብክ በኋላስ?"

"ማርያም ትይዝልኛለች" አልኳቸው። መምሬ ካህን ብቻ ሳይሆኑ የእናቴ የንስሐ አባትም ናቸው፤ እሷን ሳያቆርቡ መሸኘት እንደ እኔ ያንገበግባቸዋል። "እሑድ ይሁን" አሉኝ። ሲሉኝ ግን ወደ ዓይኔ አላዩም።

የሺ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ራሴን ላለማምድ ብዬ የምበላበትን ሰዓት ሳራዝም አጥሚቱን እያሞቀች ትጠብቀኛለች። ማክሰኞ ግማሽ ቀን ያለ ምግብ ቆየሁና ከሰዓት በኋላ ማሳው ዳር ዓይኔ ጨልሞ ተቀመጥኩ። ሐሙስ ትንሽ ተሻለኝ። ዓርብ የቀመስኩት ሁሉ ተመለሰ። ቅዳሜ ወደ ስምንት ሰዓት ላይ የመጨረሻውን አጥሚት ስታቀብለኝ፣ "እርስዎም ከሄዱብኝ እኔ ወዴት ልሂድ?" ብቻ አለችኝ። እናቴም በዚያው ሰዓት ጾሙን ያዘች። ከንፈሯ ደርቆ ሲሰነጠቅ በእርጥብ ጨርቅ እንኳ አላስነካችም።

እሑድ ንጋት ላይ የጥቅምት ብርድ ሣሩን ነጭ አድርጎት ነበር። አራት ጎረቤቶች እናቴን ከነአልጋዋ ተሸክመው አምጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ፊት ለፊት፣ ከወይራው ሥር አስቀመጧት። በነጠላ ተሸፋፍና በትራስ ተደግፋለች። ቅዳሴ ሊቀደስ ነው ስለተባለ ሕዝቡ ከየመንደሩ መጥቷል፤ የእለቱ የሰንበቴ ተረኞችም ትልቁን ዳቦ በመሶብ ይዘው ደጀ ሰላሙ ውስጥ አስቀምጠዋል። ከቅዳሴ በኋላ ተባርኮ ለሰው የሚታደለው ዳቦ ማለት ነው።

ኪዳኑ ተጀመረ። እስከ መካከሉ ደህና ዘለቅሁ። ከዚያ ዲያቆኑ ጽናውን አቀበለና መምሬ ሲያጥኑ ጢሱ ወደ እኔ መጣ። አፌ በምራቅ ሞላ፤ ዋጥኩት። እንደገና ሞላ። እንደገና ዋጥኩት። በጀርባዬ ላብ ሲወርድ ይሰማኛል። ኪዳኑ ሲያልቅ ልብሰ ተክህኖ ለመልበስ ከመግባቴ በፊት ትንሽ አየር ልውሰድ ብዬ ወደ ደጅ ወጣሁ።

ወደ እናቴ ሄድኩ። ዓይኗ ክፍት ነበር።

"አባ፣ ይባርኩኝ" አለችኝ፣ በሰው ፊት እንደምትለው።

መስቀሌን ወደ ግንባሯ አስጠጋሁ። እሷ ግን መስቀሉን ሳይሆን ፊቴን ነበር የምታየው። እጇን ከነጠላው አውጥታ አንጓዬን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቅዟል፤ አያያዟ ግን ጠንካራ ነበር።

"ባይነሳኝ" አለችኝ።

ደነገጥኩ። "አቤት እናቴ።"

"ከንፈርህ ነጣ።"

"ብርድ ነው።"

"ብርድ አይደለም። አንተን ሳጠባ የማውቀው ነው። ከወለድኳቸው ሁሉ የጠባውን የሚመልስ አንተ ብቻ ነበርክ። መጀመሪያ ከንፈርህ ይነጣል፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ትመልሰዋለህ። ከጎንደር ከመጣህ ጀምሮ ሌማት በቀረበ ቁጥር የማየው ያንኑ ነው።" ትንፋሽ አጥሯት ቆመች። "ምን እንዳወጡልህ አልነገራችሁኝም። ትልቅ ነገር እንደሆነ ግን ፊትህ ላይ አይቻለሁ።"

"ዛሬን እይዘዋለሁ እናቴ። አንድ ቀን ነው።"

"ባትይዘውስ?"

መስቀሌን ወደ ደረቴ መለስኩ።

"የእግዚአብሔርን ሥጋ ተቀብለህ ብታስመልሰውስ? እኔ ዛሬ ነገ እሄዳለሁ፤ አላየውም። አንተ ግን እሱን ተሸክመህ ልትኖር ነው።"

"ሳትቆርቢ ብትሄጂብኝስ እኔ እንዴት አድርጌ እኖራለሁ?" አልኳት። ድምፄ ተሰበረ፤ ሰው ሁሉ ሰማኝ።

"እየበላህ" አለችኝ።

ከዚያ አንገቷን ወደ የሺ አዞረች። "አንቺ፣ ከሰንበቴው ዳቦ ቁራሽ አምጪልኝ።"

የቆመው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ቅዳሴ ሳይገባ፣ ዳቦው ሳይባረክ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚበላ ሰው በእኛ አገር ታይቶ አያውቅም፤ የሚበላው ደግሞ ቀዳሹ ነው። የሺ አልተንቀሳቀሰችም። መምሬ አዱኛ ነገሩን ሰምተው ከውስጥ ወጡ።

"መምሬ፣" አለቻቸው እናቴ፣ "ልጄ ዛሬ አይቀድስም።"

"የለመንሽውስ እመት ትጓደድ?"

"የለመንኩትን እግዚአብሔር ያውቀዋል። የሚሰጠኝም እሱ ነው፤ ልጄን አስጨንቄ የምቀበለው አይደለም። ይህን ልጅ ሁለት ቀብሬ ነው ያገኘሁት።" ዓይኗ እንባ ሞላ። እናቴ አልቃሽ ሴት አልነበረችም፤ ስታለቅስ ያየኋት ጥቂት ጊዜ ነው። "ፈልጌው ነበር አባቴ። በጣም ፈልጌው ነበር። ግን በልጄ አይሁን።"

መምሬ ወደ የሺ ዞረው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ምልክት ሰጧት፤ እሷም ወደ ደጀ ሰላሙ ሄደች።

ዳቦው ገና ለብ ያለ ነበር። እናቴ በጣቶቿ ቅርፊቱን ላጠችና የውስጡን ለስላሳ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አሸችው። ሽምብራ ያህል አደረገችው። ወደ አፌ አነሳችው።

"በሞቴ" አለችኝ።

ተንበርክኬ አፌን ከፈትኩ።

"አላምጠው" አለችኝ። "አትቸኩል። አሁንም። አሁንም። በል ዋጠው።" ስውጥ ወዲያው አገጬን በእጇ ደግፋ ቀና አደረገችኝ። "ቀጥ በል። ጠብቅ።" ከንፈሬን እያየች እሷም ጠበቀች። ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ ያያል። ከቆይታ በኋላ ሁለተኛዋን አሸችና አጎረሰችኝ። ከዚያ ሦስተኛዋን። የእኔ እንባ ከዳቦው ጋር ይገባ ነበር፤ እሷ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግልኛለች። እፍረት ይሰማኛል ብዬ ነበር። የተሰማኝ ግን ረሃብ ነው። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል አማረኝ፤ እናቴ ቁርባኗን ትታ የሰጠችኝ ስለሆነ ደግሞ ያ ማማሩ ራሱ ልቤን ቆረጠው።

መምሬ አዱኛ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "ቅዳሴ የለም። በኪዳኑ ተሰናበቱ" አሉ። ወደ እኔ ሳያዩ ደግሞ፣ "አንተ ጨርስ" አሉኝ።

ሰው መሄድ ጀመረ። አንዳንዱ የእናቴን አልጋ ተሳልሞ አለፈ፤ አንዳንዱ ራሱን እየነቀነቀ። የሺ ውኃ አመጣችላት፤ ጾሟ ከእንግዲህ ምን ያደርጋል። እናቴ ጥቂት ተጎነጨችና፣ "ጠበሉ ይሻለኛል" አለች። መምሬ ጠበል አጠጧት፤ ንስሐዋን ሰምተው ፈቷት። ሌላ ሊሰጧት የሚችሉት ነገር አልነበራቸውም።

ዳቦው በሆዴ አደረ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አላደረም። ከሰዓቱን ይዞ ዋለና ማታ ተመለሰ። ተአምር አልሆነም። በመቅደስ ውስጥ ሳይሆን በጓሮዬ ሆነ፤ እናቴ ያተረፈችልኝ ይህን ነው።

ሰኞ ዕለት ከአልጋዋ አጠገብ እየተቀመጥኩ እንድበላ አዘዘችኝ። ከጎተራው ጀርባ እንደምደበቅም ታውቅ ኖሯል። "ፊት ለፊቴ ብላ፤ ልይህ" አለችኝ። እንደ ድሮዬ ብበላ ደስ ባላት ነበር፤ ትንሿንም እያላመጥኩ፣ እየጠበቅሁ፣ ቀና እያልኩ ስታየኝ ግን ትደሰት ነበር። በዚያ ቀን ለእናቴ ብዬ ብዙ በላሁ፤ ብዙ ማለት ለእኔ ሁለት እፍኝ ነው።

ማክሰኞ ጠዋትም እንዲሁ ተቀመጥኩ። የሺ ድንች ቀቅላ በጨው አቅርባልኛለች። ሁለተኛዋን እያላመጥኩ ሳለ የእናቴ ዓይን ፊቴ ላይ እንደሆነ ነበር። ትንፋሿ የተለወጠ መሰለኝ፤ ቀና ብዬ ሳያት ትንፋሹ የለም። ዓይኗ አሁንም ከንፈሬ ላይ ነበር።

አፌ ውስጥ ያለውን ምን ላድርገው? ልተፋው አልቻልኩም። ዋጥኩት። ብጮህ፣ ብወድቅ፣ ባለቅስ እንደሚመለስ አውቃለሁ። ስለዚህ እናቴ ሞታ ፊት ለፊቴ ተደግፋ እኔ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ጠበቅሁ። የመጨረሻ ያየችው ጉርሻ ነውና እንዲወርድ ፈለግሁ። ሲወርድ ነው ያለቀስኩት።

የአክስቴ ልጅ ረቡዕ ጠዋት ደረሰ። መንገዱ ማክሰኞ ከሰዓት ተከፍቶ ነበር። ዣንጥላውንና ሻንጣውን ይዞ ከበሩ ላይ ድንኳኑን ሲያይ ቆመና፣ "አንድ ቀን" ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ። በፍትሐቷ ላይ መምሬ፣ እሱና እኔ ሦስታችንም ቆምን። ፍትሐት መብላትን አይከለክልም፤ በመካከሉ እየወጣሁ፣ በሰው ፊት፣ ከየሺ እጅ ትንሽ ትንሽ እየተቀበልኩ በላሁ። ማንም ምንም አላለኝም።

በኋላ ግን ያለ ሰው አለ። "ልጅ ሆኖ እናቱን ከቁርባን አስቀረ" የሚል ቃል ጆሮዬ ደርሷል። በነዚያ ሰዎች አልቆጣም፤ እኔም አንዳንድ ቀን የምለው ይህንኑ ነውና። አንድ ጊዜ መምሬ አዱኛን ጠየቅኋቸው። "አባቴ፣ እናቴ ሳትቆርብ መሄዷ እንዴት ይቆጠርላታል?" አልኳቸው። የመጽሐፍ ሰው ናቸው፤ አንድ ነገር ጠቅሰው ያጽናኑኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጠርገው፣ "እኔ ምን አውቄ" አሉኝ። "እኔ የማውቀው በዚያ ጠዋት ከመቅደሱ ደጅ ቆሜ ያየሁትን ነው። ልብሴን አውልቄ ቤቴ ገብቼ ሳለቅስ ዋልኩ።"

አንባቢዎቼ፣ ያ እሑድ የለወጠብኝን ልንገራችሁ። ከዚያ ወዲህ መቀደስ አልሞከርኩም። አምባራስ የነበረው ቄስ ተመልሷል፤ እኔ ኪዳን አደርሳለሁ፣ ሙታን እፈታለሁ፣ ልጆች አስተምራለሁ። ዕጣኑ ሲታጠን ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል እቆማለሁ። "እስክትድን" የምትለዋን ቃል መምሬም እኔም ትተናታል። ከጎተራው ጀርባ መሄዴንም ተውኩ። ረቡዕም ይሁን ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምም ቢሆን፣ ሰዓቴ ሲደርስ ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ እበላለሁ። መጀመሪያ መንገደኛው ፊቱን ያዞርልኝ ነበር፤ አሁን ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል። እናቱ በማርያም ደጅ ያበላችው ሰው ከዚህ በኋላ ከማን ይደበቃል?

ከእናንተ መካከል በሽተኛ የምትጠይቁ ካላችሁ አንድ ልመና አለኝ። ሆዱን ተቀዶ የመጣ ሰው ቤት ስትሄዱ ጉርሻችሁን ተዉት። አጠገቡ ተቀመጡ፤ እሱ ሽምብራ የምታህለውን ሲያላምጥ ጠብቁት፤ ሌላ ጨዋታ ተጫወቱ። ዳባትም ደባርቅም እንደ እኔ የታከመ ሰው አለ ሲሉኝ እየሄድኩ የማደርገው ይህንኑ ነው። በሞቴ አልልም። ይህን ቃል እናቴ ከሞተች በኋላ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም።

ማቅለሽለሹ አሁንም አለ። ይህን በምጽፍበት ሰዓት እንኳ መጥቶ ብዕሬን አስቀምጦኝ ነበር። የሺ ፊቴን ታያለች፣ እግዜር ይስጣት፣ "ነጡ" ብላ ድስት ይዛ ትሮጣለች። እሷ የምታየው ግን ፊቴ ሁሉ ከነጣ በኋላ ነው። እናቴ ገና ከንፈሬ ሲነጣ ነበር የምታየው። አሁን ከንፈሬ ሲነጣ የሚያይልኝ ሰው የለም፤ አንዳንዴ በጣቴ ከንፈሬን እዳስሳለሁ፤ በጣት ግን አይታወቅም።

ያቺ ጉርሻ ወርዳለች። ሌላዋን ልቁረስ።